የታክ ኢንሆ ፊደሎች

ድንጋዩ የብርዱን ወራት በሙሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ከረመ። ከናምፖ ተራራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ተሞርዶ፣ ተወልውሎ፣ ለስልሶ አልቋል። የቀረው ጽሑፉ ነው። ኦክሱን ጠዋት ጠዋት ግቢውን ስትጠርግ በዙሪያው ትዞራለች። ባሏ ታክ ኢንሆ ዕድሜውን ሁሉ የሌላ ሰው የመቃብር ድንጋይ ሲጠርብ ኖረ፤ ይኼኛው ግን የራሱ ነው።

የሃንሲክ በዓል ደርሷል። በሃንሲክ ቤተሰብ ከየከተማው ተሰብስቦ ኮረብታ ይወጣል፤ መቃብር ይታረማል፣ አዲስ ሣር ይተከላል፣ ድንጋይ ላልቆመለት ሟች ድንጋይ ይቆምለታል። ለአካባቢው ለኡንግቾን ሰው ሁሉ ድንጋይ ሲያቆም የኖረ ሰው እሱ ራሱ ያለ ድንጋይ ተኝቶ ቢገኝ ለታክ ዘር ሁሉ ነውር ነው። ይህን የባሏ ታላቅ ወንድም ኢንቦም በየቀኑ ስልክ እየደወለ ይነግራታል። እሷም «አዎ ጋሼ» ትላለች። ነውርነቱን አታጣውም። የምትፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ በባሏ በራሱ ፊደል እንዲጻፍ።

ኢንሆ በወጣትነቱ በመሮ ይጽፍ ነበር። በኋላ ዘመኑ ተለወጠና ድንጋይ ጠራቢው ሁሉ ኮምፒውተር ገዛ። ጽሑፉ በኮምፒውተር ይዘጋጃል፤ ቆራጭ ማሽን ጽሑፉን ወፍራም ላስቲክ ላይ ይቆርጠዋል፤ ላስቲኩ ድንጋዩ ላይ ይለጠፍና አሸዋ በኃይል ይነፋበታል። ላስቲክ ያለበት ይተርፋል፣ ላስቲክ የሌለበት ይቦረቦራል። ሌሎቹ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣላቸውን ፊደል ተጠቀሙ። ኢንሆ ግን እንቢ አለ። አንድ ሰው ሞቶ ስሙ ሲመጣለት በዚያ ስም ውስጥ ያሉትን የቻይና ፊደሎች በብሩሽና በቀለም ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ የወደደለትን መርጦ ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባል። ያ ፊደል ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሟች ሁሉ ያገለግላል። እንዲህ እንዲህ እያለ የራሱን ፊደል አጠራቀመ።

ያ ሁሉ ያለው አንዲት ጥቁር ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። የእሱ የሥራ ልማድ ነበር። የድንጋይ ብናኝ ኮምፒውተር ይበላል፤ ምን ቢሸፋፍኑት በማራገቢያው ገብቶ አንድ ቀን ያንቀዋል። ስለዚህ ኢንሆ ፊደሎቹን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን ራሱን ውጫዊው ዲስክ ላይ ጭኖት ነበር። ሥራ ሲጀምር በኬብል ይሰካዋል፤ ሲጨርስ ነቅሎ በምሳ ጨርቁ ጠቅልሎ ቤት ይዞት ይገባል። «ኮምፒውተር እንደ ጫማ ነው፣ ያልቃል፤ ይቺ ግን ከእኔ ጋር ትገባለች ትወጣለች» ይል ነበር። አንዱ ኮምፒውተር ሲሞት ያገለገለ ሌላ ይገዛና ዲስኩን ይሰካበታል፤ ፕሮግራሙም ምንም እንዳልሆነ ካቆመበት ይቀጥላል።

እሱ ከሞተ ወዲህ ግን አልከፈት አለ።

ልጃቸው ቴሁን ለሦስተኛ ጊዜ ከቾናን መጣ። እዚያ አውቶቡስ ተርሚናል ውስጥ መነሻ ሰዓት የሚያወጣ ሠራተኛ ነው። የራሱን ላፕቶፕ አመጣ፤ ፕሮግራሙን ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ሞከረ፣ ከዲስኩ ላይ ሞከረ፣ አጥፍቶ አብርቶ ሞከረ። ፕሮግራሙን የሸጠላቸው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚደወልለት ሰው የለም። እናቱ ከሥሩ በሚሞቀው ወለል ላይ ከጎኑ ተቀምጣ ጣቶቹን ታያለች። በተነካ ቁጥር ስክሪኑ መሃል አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች፤ ቴሁን ወዲያው ይዘጋታል። ብቅ ትላለች፣ ይዘጋታል።

ኢንቦም ሳያንኳኳ ገባ። ዕድሜውን ባሕር ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ከመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። የደረቀ የባሕር ቅጠል እስር አስቀምጦ፣ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተቀመጠ።

«ዛሬም እንቢ አለ?»

«እንቢ አለ ጋሼ» አለች ኦክሱን።

«ጥሩ ነው። ከእኔ የባሰ ግትር በዚህ ቤት ተገኘ ማለት ነው።»

«አጎቴ፣ ፕሮግራሙ እኮ ያረጀ ነው» አለ ቴሁን። «ላፕቶፑ ደግሞ አዲስ። አይግባቡም።»

«እኔና አንተ እንግባባለን? ግን አንድ ገበታ እንበላለን።» ኢንቦም የገብስ ሻዩን ተቀበለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቴሁን እናት፣ ስሚኝ። የከተማው የመቃብር ድንጋይ ሱቅ ሰውዬ ዛሬ ከመሸ በኋላ ብደውልለት ለሃንሲክ አላደርስም ብሏል። እስኪ ልወቀው፤ እንዲጽፈው ልንገረው? ፊደል ፊደል ነው። ሟች አያነብም።»

ኦክሱን የባሕር ቅጠሉን እስር አንሥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ያነብ ነበር ጋሼ። በየመቃብሩ እየቆመ የሰው ድንጋይ ሲያነብ አልነበረም እንዴ። የሱቅ ፊደል ሲያይ ምን እንደሚል እርስዎም ያውቁታል።»

ኢንቦም ያውቀዋል። ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «‹ይሄ ሰውዬ በችኮላ ነው የሞተው›።»

«እንግዲያው።»

«እንግዲያውማ ምን ላድርግ? እኔም ወንድሜ ነው። ያለ ድንጋይ ሌላ ዓመት አይከርምም። ሻዬን እስክጨርስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እደውላለሁ። ቀስ ብዬ እጠጣለሁ፣ ከዚህ በላይ ግን አልችልም።»

ፍርድ ነበር፤ ፍትሐዊ ፍርድ። ኦክሱን ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«እስኪ ደግመህ ክፈተው።»

ቴሁን ነካው። ሳጥኗ ወጣች። ዘጋት።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ምንም። አልከፈትም ነው የሚለው።»

«አልከፈትም ለማለት ያን ያህል ጽሑፍ?»

«የማሽን ወሬ ነው እማዬ። ብታነቢውም አይገባሽም።»

«አባትህ ማሽን ያለውን ሳያነብ ዘግቶ አያውቅም። ክፈተውና እጅህን አንሣ።»

«እማዬ ተዪው።»

«እጅህን አንሣ አልኩህ።»

ቴሁን ከፈተው፤ እጁንም አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኦክሱን መነጽሯን አጠለቀችና ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። ሳጥኗ ውስጥ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦

ታክ ኢንሆ ሊገኝ አልቻለም። ተዛውሮ፣ ስሙ ተቀይሮ ወይም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

አነበበችው። ደገመችው። ኢንቦም «ምን ይላል? ምን ይላል?» አለና መልስ ሲያጣ እሱም አንገቱን አሰገገ፤ ፊደሉ ደቆበት ተወው። ቴሁን ጮክ ብሎ ሊያነብለት አልደፈረም። ኦክሱንም አላነበበችለትም።

«ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የምትዘጋው» አለች።

ቴሁን መስኮቱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። በእያንዳንዱ ሙከራ ያቺን ዐረፍተ ነገር ከእናቱ ዓይን ሲሸሽግ ነው የሰነበተው። ሲሸሽግ ደግሞ እሱም አላነበባትም፤ የመጀመሪያዎቹን ቃላት አይቶ ይዘጋታል።

ኦክሱን ግን እስከ መጨረሻው አንብባታለች። ያዘነችውን ያህል አዝና ስታበቃ፣ ከባሏ ጎን ዘመን ሙሉ የሠራች ሴት ናትና ሌላም ነገር አየች። ማሽን ስለ ሰው አያወራም። ማሽን የሚያወራው ስለ ፎልደር ነው። ኢንሆ ፕሮግራሙን ዲስኩ ላይ ሲጭን መጫኛውን ፎልደር በራሱ ስም እንደሰየመው ታስታውሳለች፤ ሠራተኛ በምሳ ዕቃው ላይ ስሙን እንደሚጽፍ ያህል፣ ሌላ ምንም ሳያስብ።

«ስሙ የተጻፈበት ፎልደር ነበረ» አለች። «የት ሄደ?»

ቴሁን አሁንም መስኮቱን ያያል።

«ቴሁን።»

«አለ። የትም አልሄደም።» ሳጥኗን ዘጋና በጣቱ አሳያት። «ይኸውልሽ። ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት።»

«ምን አልከው?»

«‹አባቴ›።»

ኢንቦም የሻይ ጽዋውን አስቀመጠ።

«ለቅሶው ሰሞን ነው» አለ ቴሁን። «ለሐዘን አዳራሹ ፎቶ ፈልግ ስትሉኝ ዲስኩን ሰካሁት። ስሙ እዚያ ነበር፤ ያለ ማዕረግ፣ ያለ ምንም፣ እንዲሁ ራቁቱን። ለመክፈት ደግሞ የአባቴን ስም በማውስ ሁለቴ መምታት አለብኝ። አልቻልኩም። ፎልደሩን ‹አባቴ› አልኩትና ከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ ይሄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ኢንቦም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እሱና ወንድሙ በልጅነታቸው የአባታቸውን ስም አስተማሪ ሲጠይቃቸው እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ፣ በአክብሮት እየከፋፈሉ እንጂ አንድ ላይ አገጣጥመው ተናግረው አያውቁም። ቴሁንም እንዲሁ ነው ያደገው። ማን ምን ይበለው?

«ልጁ ጨዋ ነው» አለ ኢንቦም በመጨረሻ። «ባለጌ አሳድገን ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ድንጋዩ ቆሞ ነበር።»

«አሁን ገባኝ» አለ ቴሁን፤ ፊቱ ቀልቷል። «ፕሮግራሙ የተጫነ ቀን የተጫነበትን ቦታ ስም ይመዘግባል። በተነሣ ቁጥር ዕቃውን በዚያ ስም ይፈልጋል። ‹አባቴ› ሲባል አያውቀውም።»

«እሱ ምን አባት አለው» አለ ኢንቦም። «መልሰህ ጻፍለታ።»

ቴሁን ፎልደሩን መረጠ። ‹አባቴ› የሚለውን አጠፋ። ባዶ ቦታው ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም አለች። እጆቹ ኪቦርዱ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ታላቁ ነዎት» አለ። «ስሙን ቢጠሩት ለእርስዎ ነውር አይደለም። እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ ጣትዎን አሳይዎታለሁ።»

ኢንቦም እጆቹን አየ። በገመድና በጨው የደደሩ እጆች ናቸው።

«የሞተ ዕለት ካፖርቱን ይዤ ጣራ ላይ ወጣሁ» አለ። «ደንቡ ነው። ስሙን ወደ ሰሜን ሦስቴ ጠራሁት፤ ነፍሱ ከሰማች ትመለስ ብዬ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አልመጣም። እኔ ያንን ስም ከዚያ ወዲያ አልጠራም፤ በጣትም ቢሆን።»

ከዚያ ኦክሱን ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

እሷም ጠርታው አታውቅም። ከሠርጋቸው በኋላ ጥቂት ጊዜ ያለ ስም «ይሰማሉ?» እያለች ነው ያናገረችው፤ ቴሁን ከተወለደ በኋላ ደግሞ «የቴሁን አባት» ሆነ። ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ «የታማሚው ስም?» ስትላት እንኳ መታወቂያውን አውጥታ አሳየቻት እንጂ አልተናገረችም። በመጨረሻዎቹ ቀናት እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዋልል በስሙ ብትጠራው ምናልባት ይነቃ እንደነበር አስባለች። አፏ አልታዘዘላትም። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

በአንድ ጣት ጻፈች። እያንዳንዱን ፊደል ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ተጭና፣ ስክሪኑን ቀና ብላ አይታ። ስሙ ሲሞላ ትንሽ ቆየች፤ እንደተሳሳተች የጠረጠረች መሰለውና ቴሁን «ልክ ነው እማዬ» አላት። እንደማያስፈልጋት አልነገረችውም። የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነች።

«አሁን ንካው» አለችው።

ቴሁን ሁለቴ ነካ። ዲስኩ ውስጥ አንድ ነገር መዞር ጀመረ፤ ቀስ ያለ ጉርምርምታ፣ ኦክሱን ማታ ማታ ከሥራ ክፍሉ ስትሰማው የነበረ። ሳጥኗ አልመጣችም። ስክሪኑ ነጣ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በረድፍ በረድፍ የኢንሆ ፊደሎች ተዘረጉ።

ኢንቦም ጽዋውን ገፋ አድርጎ ተጠጋ። የቻይናውን ፊደል ማንበብ ባይችልም የወንድሙን እጅ ያውቀዋል። ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን አግዳሚ፣ ታች ሲደርስ እግሩን እንደሚተክል ሰው ወፈር የሚለውን ቋሚ ጭረት ያውቀዋል። ከንፈሩን ገጠመ።

ቴሁን የድንጋዩን መጠን አስገባ፤ የሟቹን ስም በቻይና ፊደል ጻፈና ፕሮግራሙ በአባቱ ፊደል እንዲያወጣው አዘዘ። የስሙ ሁለት ፊደሎች፣ ኢን እና ሆ፣ ቁልጭ ብለው ወጡ። ከእነሱ በላይ ግን፣ የቤተሰቡ ስም ታክ መሆን ባለበት፣ ባዶ አራት ማዕዘን ቆመ።

«ምነው ይሄ ባዶ?» አለ ኢንቦም።

ቴሁን ደግሞ አዘዘ። ባዶ። «የለም» አለ። «ፊደሉ የለውም። አባዬ አልጻፈውም።»

ኦክሱን ከእሱ ቀድማ ገብቷታል። ኢንሆ ፊደል የሚጽፈው ሟች ሲመጣ ነው። በዚህ ሸለቆ ታክ የሚባል ቤተሰብ እነሱ ብቻ ናቸው፤ የአባቱን ድንጋይ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ዘመን በፊት የኢንሆ የሙያ መምህር በመሮ ጽፈውታል። ለኪም፣ ለፓክ፣ ለሊ፣ ለዩን ሁሉ ጽፎ ለራሱ አልጻፈም። ምን ብሎ ይጻፍ? በቁሙ የራሱን መቃብር ፊደል ያዘጋጅ?

«አንድ ፊደል ነው» አለ ኢንቦም በለሆሳስ። የሻይ ጽዋው ባዶ ነበር። «ሁለቱ የራሱ ናቸው። አንዱን ከሱቅ እናስመጣ። ማንም አያየውም።»

«ከላይ የሚቀመጠው እኮ ነው ጋሼ። መጀመሪያ የሚነበበው።»

«ታዲያ ሟች አናስነሣ።»

ኦክሱን ማውሱን ያዘች። የኢንሆ ዓይን በደከመበት ጊዜ እሱ ከኋላዋ ቆሞ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ፣ በቃ» እያለ ማውሱን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች። ከዚያ በፊትም ቢሆን ማሽኑ የቆረጠውን ላስቲክ በመርፌ እየነቀለች ፊደሎቹን የምታወጣው እሷ ናት። እያንዳንዱን ጭረት የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚቀጥን በጣቷ ታውቀዋለች፤ ለማን እንደተጻፈ ሳይቀር።

ታክ የሚለው ፊደል አስቸጋሪ አይደለም። ከላይ አጭር ቋሚ ጭረት፣ ከጎኑ ትንሽ አግዳሚ። ከሥሩ ፀሐይ የሚለው ፊደል። ከፀሐይ በታች አሥር የሚለው፣ መስቀል የሚመስለው።

ከረድፎቹ ውስጥ ፈልጋ ጆንግ የሚለውን ፊደል አወጣች። «ይሄ የባሕር ዛጎል ለቃሚዋ ነው፤ የጆንግኤ» አለች። አናቱን ብቻ አስቀርታ ቀሪውን አጠፋች። ከዚያ ፀሐይን አመጣች፤ መጀመሪያ የተጻፈው ለኢልማን ነው፣ በጀልባ ሰው ያሻግር ለነበረው። አሥርን አመጣች፤ እሱ የማንም ነው፣ በአሥረኛው ወር የሞተ ሁሉ አለው።

ሦስቱን አንዱን ካንዱ በላይ ደረደረቻቸው። ቴሁን «ሆነ እኮ» አለ።

«አልሆነም። ሲያንስ ቀጠነ፤ አየህ? አባትህ ፊደል አሳንሰህ አታስገባ፣ ጭረቱ ይሞታል ይል ነበር።»

ጠርዝ ጠርዙን እየጎተተች ጭረቶቹን አወፈረች። የፀሐይዋን ትከሻ እሱ እንደሚያደርገው በስተቀኝ ከፍ አደረገች። የአሥርን አግዳሚ አስረዘመች፣ መልሳ አሳጠረች፣ ጥቂት አስረዘመች። ከኪም ፊደል አግዳሚ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ አነጻጸረች፤ መለሰችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የፀሐይ ብርሃን ወለሉ ላይ ወርዶ ነበር እጇን ስታነሣ።

«ይኸው።»

ባዶው አራት ማዕዘን ሞልቷል። ታክ ኢንሆ፣ ከላይ ወደ ታች።

ኢንቦም ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ታክ የእሱም የቤተሰብ ስም ነው።

«የታችኛው እግር ረዘመ» አለ። «እሱ ቢሆን አያስረዝመውም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እሱ አልጻፈውም ጋሼ። ባሳጥረው እሱ የጻፈው ሊመስል ነው። ይሁን።»

ኢንቦም ፊት ላይ ሌላ ሐሳብ መጣ፤ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

«ከሰው ድንጋይ ላይ መውሰድ ግን ይቻላል?» አለ። «ማለቴ ሳይነገራቸው።»

ቴሁን ሊስቅ ሲል እናቱን አየና ተወው።

«ኢልማን ችግር የለበትም» ብሎ ቀጠለ ኢንቦም፣ ከራሱ ጋር እንደሚመክር። «በሕይወቱም እጀ ሰፊ ነበር። ጆንግኤ ናት አስቸጋሪ። ገበያ ላይ አንዲት ዛጎል እንኳ ምርቃት ጨምራ አታውቅም። ነገ የሩዝ ጠላ፣ ማኮሊ ይዤ መቃብሯ ድረስ ሄጄ ላፍስላት። ‹አናትሽን ተውሰናል› እላታለሁ። ትቆጣ ይሆናል፤ ግን ይገባታል። ልጇን የቀበረች ሴት ናት።»

«እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ ጋሼ» አለች ኦክሱን።

ኢንቦም ስልኩን አውጥቶ ለሱቁ ሰው ደወለ። አጭር ነበር። «አይ፣ አያስፈልግም። አዎ፣ በራሳችን ፊደል» አለ፤ ሰውየው ምን እንዳለው ባይሰማም፣ ኢንቦም «የወንድሜ ሚስት» ብሎ መለሰ፤ ዘጋው።

ቴሁን ላስቲኩን ማሽኑ ላይ ጠቀለለ። ስለቱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲመላለስ ክፍሉ በቀጭን ድምፅ ተሞላ። ሲያልቅ ኦክሱን ላስቲኩን ጭኗ ላይ ዘርግታ መርፌዋን አነሣች። መጀመሪያ «ሆ»ን ነቀለች፣ ቀጥሎ «ኢን»ን። እንደ ዱሮው ጭረቶቹ ቀጭን ቀጭን ጥቁር ቁራጭ ሆነው ጣቷ ላይ እየተጣበቁ ወጡ።

ታክ ጋ መጨረሻ ላይ ደረሰች። የጆንግኤን ጭረት አወጣች። ከፀሐይዋ ላይ ክፈፏንና የመሃል አግዳሚዋን ብቻ ስባ መሃሏ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ቁራጮች በጥንቃቄ አስቀረች፤ እነሱ ከተነሡ ፀሐይ አይሆንም፣ ጉድጓድ ነው የሚሆነው። የአሥር እግር ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ቴሁን እንዳያያት ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ፤ ኢንቦምም በድንገት የባሕር ቅጠሉን ለማየት ተነሣ።

ብዙም አልቆየችም። እግሩን በመርፌዋ ጫፍ ያዘችና እስከ ረዘመበት ድረስ ቀስ ብላ ሳበችው።

«ቴሁን» አለች ሳትዞር፣ «አሸዋውን አጣራው። እርጥብ ከሆነ ቧንቧውን ይደፍነዋል።»